የእትዬ ሰጋቱራ ውታፍ

ጋራዡ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ እትዬ ሰጋቱራ ይላታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ዘይት ጠብ ሲል ገና መሬት ሳይነካ ሰጋቱራዋን በጣሳ ይዛ ትደርሳለች ብሎ። ማጋነኑ ነው። የምትደርሰው መሬት ከነካ በኋላ ነው።

ሥራዋ ዕቃ ማጠብ ነው። የከባድ መኪና ሞተር ወርዶ ሲበተን፣ ሁለት ሰው ከሚሸከመው ብረት አንስቶ ጥፍር እስከምታክል ብሎን ድረስ በእሷ የናፍጣ ገንዳ ያልፋል። ገንዳው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው፤ ከጎኑ የሽቦ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ ያለቀለት የጥርስ ብሩሽ ተደርድረዋል። አንድ ጊዜ ጓንት ተገዝቶላት ነበር። ሳምንት አድርጋው «በጓንት ቆሻሻው አይሰማኝም» አለችና አትክልት ለምትኮተኩተው ጎረቤቷ ሰጠችው። እውነቷን ነው፤ ቆሻሻ የምትለየው በጣቷ ነው። ይሄ የመንገድ አቧራ ነው፣ ይሄ የተቃጠለ ዘይት ነው፣ ይሄ ደግሞ ውሃ የገባበት ነው ትላለች፤ መካኒኮቹም ይስቁና ኋላ ቀስ ብለው መጥተው ይጠይቋታል።

ሁለተኛው ሥራዋ ውታፍ ነው። የጋራዡ ባለቤት፣ እሷም መካኒኮቹም ባለመኪኖቹም ጋሼ የሚሏቸው ሰው፣ አንድ አመል አላቸው። ያደሱትን ሞተር በገዛ እጃቸው አረንጓዴ ሳይቀቡ ከግቢ አያስወጡም። ሌሎች ጋራዦች በዚህ ይሳለቁባቸዋል። ኮፈን ሥር ለሚደበቅ ብረት ቀለም ምን ያደርግለታል፣ ማንስ ሊያየው ነው ይላሉ። ጋሼ «እኔ አይቼዋለሁ» ብለው ይመልሱና ቀለማቸውን መበጥበጥ ይቀጥላሉ። ቀለሙ የሚረጨው በአየር ግፊት ስለሆነ የሞተሩ ቀዳዳ ሁሉ አስቀድሞ መደፈን አለበት። እሷ ታዲያ ያረጀ አንሶላ ትቀድና፣ ጠቅልላ በክር ሰፍታ፣ ለየቀዳዳው በልኩ ውታፍ ታዘጋጅለታለች። እያንዳንዱ ላይ ቀይ ጭራ ታስርበታለች፤ ቀለሙ ሲደርቅ በጭራው እየሳበች ታወጣዋለች። «ውታፍ ነቃይዋ መጣች» ይሏታል መካኒኮቹ። ስድብ መሆኑ አይጠፋትም። «ነቃይም ወታፊም ነኝ፤ አንተ ከሁለቱ አንዱንም አልቻልክ» ብላ ታልፋለች።

እዚህ እንዴት እንደመጣች ረጅም ታሪክ የለውም። ባሏ የሞተ ጊዜ ሴት ልጇ የሰባት ወር ነበረች። ልጇን አዝላ አራት ጋራዥ ሥራ ጠየቀች፤ አራቱም ለሴት የሚሆን ነገር የለንም አሏት። አምስተኛው ግቢ ስትገባ ከአንድ መኪና ሥር ሁለት እግር ብቻ ይታይ ነበር። እግሩን ነው ሥራ የጠየቀችው። ከሥር አንድ ጥቁር እጅ ብቅ ብሎ እፍኝ ሙሉ ብሎን ዘረገፈና «እስቲ ይሄን እጠቢልኝ» አለ። አጠበች። ማንም ሳያዛት በየመጠኑ ለይታ ጨርቅ ላይ ደረደረችው። ጋሼ ተንፏቀው ወጡ፤ ብሎኖቹን አዩ፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለችውን ልጅ አዩ፣ «ነገ ቁርስሽን በልተሽ ነይ» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጇ ያደገችው በተጋደመ የከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ነው፤ ብርድ ልብስ ተነጥፎላት፣ መዶሻ ካልሰማች እንቅልፍ እምቢ እያላት። ዛሬ ነጭ ካፖርት ለብሳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እናቲቱ ይህንን ባሰበች ቁጥር ደረቷ በምስጋና ይሞላል፤ የጋሼን ዕቃ ሁለት ሁለት ጊዜ የምታጥበውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው በአያት ነው። አያት መኪና ነው። አፍንጫው የረዘመ፣ የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ፣ ከብዙዎቹ መካኒኮች በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጡብ የሚያመላልስ ከባድ መኪና። አንድ ሐሙስ ነው የቀረው ሲባል ሠላሳ ዓመት አለፈው። ባለቤቱም ሹፌሩም አንድ ሰው ነው፤ መኪናውን ከእጄ ሌላ አይነካውም፣ ከጋሼም ሌላ አይፈታውም የሚል፣ ጥርሱ የተሳሳ፣ ሳቂታ ሹፌር። ከሁለት ወር በፊት ሞተሩን ጋሼ አውርደው አደሱለት። ዕቃ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ቆመ፤ ሲገኝ ተገጠመ፣ አረንጓዴ ተቀባ፣ ሹፌሩም ግቢውን ሁለቴ ዞሮ ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ።

በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ከሞተሩ ጀርባ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር ከሚገናኝበት፣ ዘይት ይወርዳል። ጋሼ የማርሽ ሳጥኑን አስወርደው የኋላውን የዘይት ማገጃ ጎማ በአዲስ አስቀየሩ። ሳምንት ሳይሞላ ዳግመኛ መጣ። አሁን ደግሞ ከኋላም ከላይም ያፈሳል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ራሱ እየተስፈነጠረ ከቦታው ይወጣል። ሹፌሩ ሊያጽናና ብሎ «ጋሼ፣ ሽማግሌ አይደል፣ ቢያንጠባጥብ ምን ይደንቃል» አለ። ጋሼ አልሳቁም።

ጋሼ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ወገባቸው ከታመመ ወዲህ መኪና ሥር አይገቡም፤ ከላይ ሆነው ይጠይቃሉ፣ ከሥር ያለው ይመልስላቸዋል። ያን ወር ግን ጥያቄያቸውም አነሰ። ቢሮ በምትባለዋ ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያያሉ። የፒስተኑን ቀለበት አጣምሜ ገጥሜው ይሆናል ይላሉ፤ ደግሞ ቆይተው፣ ጣቴ ልኩን መለየት ትቶ ይሆናል። ቅስማቸው ተሰብሮ ነበር፤ ቅስሙ የተሰበረ ሰው ደግሞ ከሚያውቀው ይልቅ የሚፈራውን ያምናል።

አንድ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሻይ እየተጠጣ ሁሉም ባለበት ተናገሩ።

«ነገ ጠዋት የአያት ሞተር ይወርዳል። የመጨረሻዬ ነው። ከዚያ በኋላ ጋራዡን የወንድሜ ልጅ ይይዘዋል፤ እኔ መፍቻ አልይዝም። ያበላሸሁት ይበቃኛል።»

የወንድማቸው ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ የተወለደ ሰው ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሊያስመጣ እንደሚፈልግ ካወራ ቆይቷል፤ ባለፈው ሰሞን የእሷ ገንዳ የቆመበትን ጥግ በሜትር ሲለካ አይታዋለች። ስለዚህ የጋሼን ቃል ስትሰማ ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባት። ጋሼ በቃኝ ማለታቸው፣ እሷም መሄዷ ነው። ሆኖም አንጀቷን የበላው የመጀመሪያው ነው። አርባ ምናምን ዓመት ሞተር ሲያስነሳ የኖረ ሰው፣ እጄ ከዳኝ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሊወጣ ነው።

ሰዉ ለምሳ ተበተነ። አያት ለሙከራ ሲነሳ ስላረፈደ ሥሩ ዘይት ተንጣልሎ ነበር። እትዬ ሰጋቱራ ጣሳዋን ይዛ ሄደች። ጎንበስ ብላ ከኋላ በኩል በተነች። ከዚያ እጇ ልማዱን ተከትሎ ወደ ጎን ሄደ፣ ሰጋቱራውን ሊበትን ሲል ግን ቆመ። ከጎን በኩል ሰጋቱራ የሚበተንበት ዘይት አልነበረም። መሬቱ ደረቅ ነው።

ይህ ምን ይገርማል የሚል ሰው የድሮ ከባድ መኪና አያውቅም። ሞተር ሲሠራ ከፒስተኑ ጎን እየሾለከ ወደ ታችኛው ሆዱ የሚወርድ ጭስ አለ። አዳዲሶቹ መኪኖች ያንን ጭስ መልሰው ራሳቸው ያቃጥሉታል። የድሮዎቹ ግን ከሞተሩ ጎን ወደ መሬት የሚወርድ፣ አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ አላቸው፤ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ጭሱን በዚያ ቱቦ ስቦ ያወጣዋል። ሲቆም ደግሞ ከቱቦው አፍ ጥቂት ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። እዚህ በሠራችበት ሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቱቦ ደርቆ አይታ አታውቅም። የአያት ቱቦ ሥር በተለይ፣ ሹፌሩ እስኪያፍር ድረስ፣ በወጣ በገባ ቁጥር ሰጋቱራ ስትበትን ነው የኖረችው።

ጨርቄን ማቄን ሳትል መሬት ላይ ተጋደመች። የቱቦው አፍ ድፍን ነው። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ብረት የመሰለ። በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ረገብ አለላት። ጨርቅ ነው።

የራሷ ጨርቅ ነው። ያኔ ዕቃ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ሲጠበቅ፣ አጥባ ያስቀመጠችው ቱቦ አቧራ እንዳይገባበት በሁለቱም አፉ ወትፋው ነበር። የላይኛውን መካኒኩ ሲገጥመው አውጥቶታል። የታችኛው ቀይ ጭራ ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበርና ማንም አላየውም፤ ቀለም ተረጨበት፣ ደረቀ፣ ብረት መሰለ። ጭራ ያለውን ሁሉ ስባ ስታወጣ፣ ጭራው ያልታየውን ረሳችው። ዘይቱን ከኋላም ከላይም እየገፋ ሲያስወጣ የከረመው መውጫ ያጣው ጭስ ነው።

እዚያው እንደተጋደመች ብዙ አሰበች፤ ጊዜው ግን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ውታፉን አሁን በጥፍሯ ፍቃ ብታወጣው ማንም አያውቅም። ነገ ሞተሩ ይወርዳል፣ ይገጠማል፣ ማፍሰሱን ያቆማል፤ ሁሉም እሰይ ይላል። ጋሼ ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዳሉ ቤታቸው ይገባሉ። ብትናገር ደግሞ ያ ማሽን ነገውኑ ይመጣል። አንድ ወር ሙሉ ሰው ያሰቃየ፣ አንድ ሽማግሌ ያሳፈረ ጥፋት ነው፤ ማን ይቅር ይላል? ልጄ አድጋለች፣ እኔ ግድ የለም አለች በልቧ። ግድ ነበራት፤ እንዲህ ማለቱ ግን እግሯን አንቀሳቀሰላት።

ጋሼ ቢሮ ውስጥ ምሳቸውን ሳይከፍቱ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አያውርዱት።»

«ምን አልሽ?»

«እጅዎ ምንም አልሆነም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአያትን ቱቦ ወትፌ ሳልነቅለው ቀረሁ። አሁን አየሁት፤ አልነካሁትም፣ መጥተው ይዩት።»

ጋሼ በዚያ በታመመ ወገባቸው ተነስተው በፍጥነት ወጡ። ሹፌሩ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ጥላ ተነሳ፣ መካኒኮቹ ምሳቸውን ጥለው መጡ፣ የወንድማቸው ልጅም ተከተለ። ጋሼ ካርቶን አስነጠፉና ሊጋደሙ ሲሉ የወንድማቸው ልጅ «ወገብዎ! እኔ ልየው» አለ። «አንተማ ባለፈው ቱቦው አለ ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ አለ፣ ታስሯል አልከኝ» አሉት። «ታስሯላ!» አለ ልጁ። «እኔም ክፍት ነው ወይ አላልኩህም» አሉና ገቡ።

ቆይቶ እጃቸው ብቅ አለና «ቢላ» አሉ። ቢላ ተሰጣቸው። ቀለሙ ተፋቀ፣ ጨርቁ ተጎተተ። ዘይት ጠግቦ የጠቆረ፣ ቀይ ጭራው ውስጡ የተጣጠፈ፣ የአንሶላው አበባ በአንድ ጎኑ ገና የሚታይ ውታፍ ነበር።

«አስነሳው!»

ሹፌሩ ዘሎ ገባ። አያት እንደ ልማዱ ሁለቴ አጉረመረመና ተነሳ። ከቱቦው አፍ ስስ ጭስ ፉት ፉት እያለ ይወጣ ጀመር። አንዱ መካኒክ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ቦታው ሰክቶ እጁን ሳያሳርፍ አጠገቡ ቆመ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ነዳጅ ተሰጠው፣ አጓራ፤ ዘንጉ አሁንም ንቅንቅ አላለም።

«እና ይሄ ሁሉ መከራ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው?» አለ የወንድማቸው ልጅ። ወደ እሷ ዞሮ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀላል ጥፋት አይደለም» አላት።

«አይደለም» አለች።

ጋሼ ከሥር ወጥተው ሰውን ተደግፈው ቆሙ። ሞተሩን አስጠፍተው ከላይ ያለውን የዘይት መሙያ ክዳን ፈቱት። በእድሳቱ ጊዜ ራሳቸው የገዙት፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ክዳን ነው። ገለበጡት፣ አፋቸው ላይ አድርገው እፍ አሉበት። ጉንጫቸው ተነፋ እንጂ አንዲት ትንፋሽ አላለፈችም። ድንገት ሳቃቸው አመለጣቸው። ያ ወር ከገባ ወዲህ የሳቁት ያኔ ነው።

«የድሮው ክዳን ወንፊት ነበረው» አሉ ለሁሉም። «አየር የሚገባው በእሱ ነው። ተጨራምቶ ሳየው ጣልኩትና ይሄን ድፍን ገጠምኩ፤ ታች ቱቦው ክፍት ነው፣ ይበቃዋል ብዬ። አንዱ እንኳ ክፍት ቢሆን ኖሮ ይኼኔ አያት ጡቡን እያመላለሰ ነበር። አንቺ ከታች፣ እኔ ከላይ፤ ተጋግዘን ነው ያፈንነው!»

«ጠላት እንኳ ያላደረገውን!» አለ ሹፌሩ፤ ግቢው ሁሉ ሳቀ። የወንድማቸው ልጅ እንኳ ፈገግ አለ፣ ሳይፈልግ።

እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ጥጓ ሄዳ ሰው የጣለውን ብረት ሁሉ የምታከማችበትን ቆርቆሮ አገላበጠች። ያንን የተጨራመተ ክዳን አምጥታ ለጋሼ ሰጠቻቸው። ወንፊቱ በቤንዚን ታጥቦ፣ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ ነበር። «ለምን አጠብሽው? የተጣለ እኮ ነው» አሉ። «እንጃ ጋሼ፣ ቆሽሾ ነበር» አለች። ጋሼ በመዶሻ ጠርዙን ቀና ቀና አድርገው በገዛ እጃቸው አጥብቀው አሠሩት። ጣታቸው ልኩን አልሳተም፤ መቼስ ስቶ ያውቃል?

ሹፌሩ ሙሉ ጡብ ጭኖ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አስር ሰዓት ላይ ተመለሰ። ገና ሳይቆም ሁሉም ከበበው። መኪናው ሥር የገባችው እሷ ናት። ጋሼ ከላይ ሆነው ጠየቋት።

«ከኋላ?»

«ደረቅ ነው ጋሼ።»

«ከቱቦውስ? ያንጠባጥባል?»

«ያንጠባጥባል!» አለች ጮኻ። አንድ ጠብታ አገጯ ላይ ወደቀባት። በዚያ ግቢ ዘይት ጠብ በማለቱ እልል የተባለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሹፌሩ አመስግኖ አመስግኖ አልጠግብ ብሎ ከሄደ በኋላ፣ መካኒኮቹም እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሰለፉ፣ ጋሼ ገንዳዋ አጠገብ መጡ። እሷ ቀድማ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር።»

«እኔ?» አሉ። የወንድማቸው ልጅ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር፤ እንዲሰማም ፈልገው ድምፃቸውን አልቀነሱም። «አንድ ወር ሙሉ እነዚህን እጆች እንደ ሌላ ሰው እጅ ስታዘባቸው ከረምኩ። ቤቴ ብርጭቆ ሳነሳ እንኳ እፈራ ነበር። ጨርቁን ነቅለሽ ብትጥይው ማን ያውቅብሽ ነበር? ማንም። እኔ እንደዚያው ፈርቼ እሞት ነበር። አንቺን አይደለም፣ ያባረርኩት ራሴን ነው፤ አንቺ ነሽ የመለስሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

እትዬ ሰጋቱራ አለቀሰች። ጋሼ የተገለበጠ ባልዲ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ፤ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ነገ ስለሚወርደው፣ እሳቸው ፈትተው እሷ ስለምታጥበው የሌላ መኪና ሞተር ያወሩ ጀመር።